ፍሬንና ነዳጅ በአንድ እግር ስር

የፎርድ ኩባንያ በሚያዝያ 1925 ከፋብሪካ ተሟልታ የወጣች የመጀመሪያዋን ፒክአፑን በ281 ዶላር ለገበያ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ጭነት የሚበዛበት የአሜሪካ ገበሬ ባለ ሁለት መቀመጫዋን ሞዴል ቲ ይገዛና ኋላዋን አስቆርጦ ከጣውላ የተሠራ ሳጥን ያስገጥምላት ነበር። ኩባንያው ይህንን አይቶ ሳጥኑን ራሱ ሠርቶ ይሸጥ ጀመር። ገበያው ደራ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ፒክአፕ ወጣ።

የዚያች ፒክአፕ ሾፌር ከእግሩ ስር ሦስት ፔዳሎች ያገኛል። የግራው የማርሽ ፔዳል ነው፤ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ከባዱ ማርሽ ይገባል፣ ግማሽ ላይ ሲያዝ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቃል፣ የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ደግሞ ቀላሉ ማርሽ ይይዛል። የመሃሉ ወደ ኋላ መሄጃ ነው። የቀኙ ፍሬን ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ሲሆን፣ ከመሪው ስር በቀኝ በኩል ያለችውን ቀጭን ዘንግ በጣት ወደ ታች መሳብ ይበቃል። የዚያ ዘመን ሾፌር ብዙ ነገር ሊሳሳት ይችላል፤ ፍሬኑ ሲያልቅበት የኋላ ማርሹን ፔዳል እንደ ፍሬን የሚረግጥም ሞልቶ ነበር። ሳያስበው በአንድ ጫማ ፍሬንና ነዳጅ አብሮ መርገጥ ግን አይችልም፤ ነዳጁ ከእግሩ አጠገብ የለማ!

ዛሬ በማንኛውም ፒክአፕ ወለል ላይ ሁለቱ ፔዳሎች ጥቂት ጣቶች በሚያህል ክፍተት ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። የሥራ ቦት ያደረገ ሰው ፍሬን ሲይዝ የጫማው ጠርዝ ነዳጁን ሊነካ ይችላል። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው መቆም ሲገባው ይገፋል፣ ሾፌሩም ፍሬኑ እንቢ ያለው ይመስለዋል። ይህ ጉርብትና በአንድ ቀን የተወሰነ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው፤ ድምሩ ግን መሐንዲሶችን፣ ዳኞችንና የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ሥራ አላስፈታም።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዘመን የእጅ ዘመን ነበር። ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት መብት ያወጣባት ባለ ሦስት ጎማ መኪና የምትነሳውም የምትቆመውም በእጅ ዘንግ ነበር። ባለቤቱ ቤርታ ቤንዝ በ1888 ከሁለት ልጆቿ ጋር ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ስትጓዝ የእንጨት ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ አለቀባት፤ ባውሽሎት በምትባል መንደር ያገኘችውን ጫማ ሠሪ ቆዳ አስመትታ ጉዞዋን ቀጠለች። የፍሬን ሸራ ታሪክ ሲነሳ ይህ ጉዞ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የዚያች መኪና ሞተር ደካማ ስለነበር ችግሩ ማቆሙ እንጂ ፍጥነቱ አልነበረም።

ሞተሩ ሲጎለብት የእጅ ሥራ በዛ። አንድ እጅ መሪ መያዝ አለበት። ሌላው ማርሽ ይቀይራል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ የእሳቱን ጊዜ ያስተካክላል፣ ነዳጅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ከዚያም አልፎ ጥሩምባ ይነፋል። ሁለት እጅ ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃ ከሥራው የተወሰነው ወደ እግር ወረደ። መጀመሪያ የወረዱት ፍሪሲዮን (ክላች) እና ፍሬን ናቸው። በዚህ ጊዜ በበርካታ መኪኖች ላይ አንድ ብልህ አሠራር ነበር። የፍሬኑ ፔዳል ከፍሪሲዮኑ ጋር በዘንግ ይገናኝና፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሞተሩ ራሱ ከጎማው ይላቀቅ ነበር። መኪናውን ላቁም ብሎ የረገጠ ሰው ሞተሩ እንዲገፋው አይፈልግም የሚል ሐሳብ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበር፤ በማርሽ ተይዞ መኪናውን ሊያዘገይ የሚችለው ሞተር በዚያው ቅጽበት ከሥራ ይወጣል። ፍሬኖች እየተሻሻሉ ሲሄዱ ይህ ግንኙነት ቀረ። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ በኮምፒውተር ተመልሶ እንደሚመጣ ያኔ ማን ገመተ?

የፔዳሎቹ አቀማመጥ በበኩሉ ለብዙ ዓመታት አንድ ወጥ አልነበረም። ፍሪሲዮኑን በግራ፣ ፍሬኑን በመሃል፣ ነዳጁን በቀኝ ያደረገችውና ማርሹንና የእጅ ፍሬኑን በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ያስቀመጠችው የ1916ቷ ካዲላክ ታይፕ 53 የዛሬው አሠራር እናት ተብላ ትጠቀሳለች። በአውሮፓ ደግሞ ይህንን ልማድ ወደ ተራው ሕዝብ ያወረደችው በ1922 ይፋ የሆነችው ትንሿ ኦስቲን 7 ነበረች። ሁሉም ግን ወዲያው አልተከተለም። የእንግሊዞቹ ቤንትሌይና ቮክስሆል፣ የጣልያኑ አልፋ ሮሜዮ ነዳጁን በፍሪሲዮንና በፍሬን መካከል ያስቀመጡባቸው ታዋቂ ሞዴሎች ነበሯቸው። ይህ ልማድ በውድድር መኪኖች ላይ እስከ 1950ዎቹ ዘልቋል። ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በ1957 በኑርበርግሪንግ ዝነኛውን ድሉን ሲቀዳጅ የነዳት ማዜራቲ 250ኤፍ የነዳጅ ፔዳሏ መሃል ላይ ነበር። ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሾፌር ፍሬን ብሎ ነዳጅ የመርገጡ ዕድል ምን ያህል እንደነበር ለመገመት አይከብድም።

በመጨረሻ ያሸነፈው አቀማመጥ የራሱ አመክንዮ አለው። የግራ እግር ለፍሪሲዮን ብቻ ይሰጣል። ነዳጅና ፍሬን ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ይሆናሉ፤ አንድ እግር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ስለማይሆን ሾፌሩ ወይ ይገፋል ወይ ያቆማል። እግሩ ራሱ የደህንነት መቆለፊያ ሆነ ማለት ነው። ቀኝ እግር ቶሎ ከነዳጅ ወደ ፍሬን እንዲደርስ ደግሞ ሁለቱ መቀራረብ ነበረባቸው። ቅርርቡ የአደጋ ጊዜ ምላሽን ያፈጥናል፤ ስህተትንም በዚያው ልክ ያቀርባል። ንድፍ አውጪዎች መካከለኛ መንገድ አድርገው የያዙት የፍሬኑን ፔዳል ከነዳጁ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። እግር ተነስቶ ካልሄደ በስተቀር ተንሸራቶ ብቻ ፍሬን ላይ እንዳይወጣ፣ ፍሬን ሲረገጥም ነዳጁ ዝቅ ብሎ እንዲቀር ታስቦ ነው። ይህ ልዩነት በሸራ ማለቅ ወይም በፍሬን ዘይት መጉደል ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ይጠፋል። ፍሬኑ ወርዶ ከነዳጁ እኩል የሆነበት አሮጌ ፒክአፕ ከአዲሱ ይልቅ ለድርብ መረገጥ የተጋለጠው ለዚህ ነው።

የፎርድ ፒክአፕ ከዚህ ሥርዓት ጋር የተገናኘው በታኅሣሥ 1927 ሞዴል ኤ ይፋ ሲሆን ነው። ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬን በመሃል፣ ነዳጅ በቀኝ። በአራቱም ጎማ ላይ ፍሬን መጣ። የእጅ ነዳጁ ዘንግ ከመሪው ስር ባይነሳም ዋናው ሥራ ወደ ቀኝ እግር ዞረ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ በተሸጠበት ዓለም ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ለዓመታት ቀኙን ፔዳል ፍሬን ብሎ የለመደ ሰው አሁን በዚያው በቀኝ ጫፍ ነዳጅ ያገኛል።

ገበሬው ከፒክአፑ ወርዶ ትራክተሩ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። በትራክተር ላይ ነዳጅ በእጅ ዘንግ ተስተካክሎ ይተዋል። በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት ፔዳሎች ሁለቱም ፍሬን ናቸው፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን የኋላ ጎማ ይይዛል። ማሳ ዳር ላይ ጠበብ አድርጎ ለመዞር አንዱ ብቻ ይረገጣል፣ መንገድ ላይ ግን ሁለቱ በመቀርቀሪያ ተያይዘው አብረው መረገጥ አለባቸው። እዚያ ሁለት ፔዳል በአንድ ጫማ መርገጥ ትክክለኛው አነዳድ ነው። ያ እግር ማታ ወደ ፒክአፑ ይመለሳል።

የቀኝ እግር መቆለፊያነት የተናጋው የግራ እግር ሥራ ሲፈታ ነው። ኦልድስሞቢል በ1940 ሞዴሎቹ ላይ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ማርሽ ሲያቀርብ የፍሪሲዮን ፔዳል ጠፋ። በ1953 ፎርድ፣ በ1954 ሸቭሮሌት አውቶማቲክ ማርሽ በቀላል ፒክአፖቻቸው ላይ በአማራጭነት አቀረቡ። ሥራ የፈታው እግር ምን ያድርግ የሚለው ክርክር ያኔ ጀመረ። አንዳንዱ ግራውን ለፍሬን፣ ቀኙን ለነዳጅ መደበ፤ እግር ማመላለስ ስለሌለ ቶሎ ይያዛል ብሎ ተከራከረ። የመንጃ አስተማሪዎች በበኩላቸው በአብዛኛው ተቃወሙ። ሁለት እግር ሁለት ፔዳል ላይ ከተቀመጠ አንድ እግር በሁለት ቦታ አይሆንም የሚለው ዋስትና ይቀራል፤ በድንጋጤ ጊዜ ሰው ሁለቱንም እግሩን ይዘረጋልና። ደግሞም ለዓመታት ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ሲረግጥ የኖረ ግራ እግር ፍሬንን በልኩ መያዝ አልለመደም። በአውቶማቲክ መኪና ላይ ፍሬኑ ሰፊ ሆኖ ወደ ግራ ሲዘረጋ ያ እግር የለመደውን ፍለጋ ይሄድና ሰፊውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሉ ይደቁሰዋል።

ሆን ብለው ሁለቱን አብረው የሚረግጡም አሉ። የውድድር ነጂዎች ኩርባ ሲደርሱ በቀኝ እግራቸው ፊት ፍሬን ይዘው፣ በተረከዛቸው ወይም በጫማቸው ጎን ነዳጅ እየነኩ የሞተሩን ዙር ከፍ በማድረግ ወደ ከባድ ማርሽ ይወርዳሉ። በ1960ዎቹ የፊንላንዶቹ የራሊ ነጂዎች ራውኖ አልቶነንና ቲሞ ማኪነን በፊት ጎማ በምትሳበው ሚኒ ኩፐር ላይ ቀኙን ከነዳጅ ሳያነሱ በግራ እግራቸው ፍሬን እየነኩ የመኪናዋን ኋላ በማንሸራተት ጥርጊያ መንገድን በፍጥነት አቋረጡ። ጋራዥ ውስጥም ሙያው አለ። መካኒክ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ጤንነት ለመፈተሽ ጎማዎቹን አስደግፎ፣ ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ይሰጥና የሞተሩን ዙር ያነባል። ይህ ፍተሻ ከ5 ሰከንድ በላይ እንዲቆይ አይመከርም፤ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ መሄጃ አጥቶ የካምቢዮውን ዘይት ያፈላዋል። ጭቃ ውስጥ የገባ ፒክአፕ ነጂም ነዳጅ እየሰጠ ፍሬኑን በስሱ ሲነካ፣ በከንቱ የሚሽከረከረው ጎማ ይያዝና ጉልበቱ መሬት ወደ ቆነጠጠው ጎማ ይሻገራል።

ሳይታሰብ ሲሆንስ? በመኪና ላይ ከሞተር ይልቅ ፍሬን ይበረታል። ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2009 መጨረሻ ይህንን ፈትኖታል። 268 የፈረስ ጉልበት ያላት ቶዮታ ካምሪ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር እየሮጠች ነዳጁ እስከ ወለሉ እንደተረገጠ ፍሬን ስትያዝ በ58 ሜትር ውስጥ ቆመች። ነዳጅ ሳይረገጥ ያስፈለጋት ርቀት 53 ሜትር ነበር፤ ልዩነቱ 5 ሜትር ብቻ። 540 የፈረስ ጉልበት ያላት የተሻሻለች ሙስታንግ ግን በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ስትበር በተመሳሳይ መንገድ ስትያዝ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ያህል ርቀት ፈጅታ ነው የቆመችው። ቁም ነገሩ በአንዴ አጥብቆ መያዝ ላይ ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬን ጉልበቱን የሚያገኘው ሞተሩ አየር ሲስብ ከሚፈጥረው ባዶነት ነው። ነዳጁ ሲከፈት ያ ባዶነት ይጠፋል፤ በፍሬን ማገዣው ውስጥ የተጠራቀመው ለአንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይበቃል። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥና ሲለቅ ያ ቅሪት ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል። ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ይለያል። የድሮዎቹ ሃይሉክስ ናፍጣዎች ለፍሬኑ የሚሆን ባዶነት የሚያገኙት ከዲናሞው ጋር ተያይዞ ከሚዞር ፓምፕ ስለሆነ፣ ነዳጅ መረገጡ ማገዣውን አያሳጣቸውም።

ፒክአፕ የራሱ ጠባይም አለው። በተለመደው አሠራር ሞተሩ የሚገፋው የኋላውን ጎማ ሲሆን፣ ባዶውን ሲሄድ የኋላው ቀላል ነው። ቀላሉ ኋላ በፍሬን ጊዜ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ፋብሪካዎች የኋላ ፍሬኑን ኃይል ይቀንሱታል፤ በብዙ ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስሉ ጋር የተያያዘ ቫልቭ ጭነቱን እያየ ያስተካክለዋል። እንግዲህ ባዶ ፒክአፕ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ፔዳሎች አብረው ሲረገጡ፣ የፊት ጎማዎች ተይዘው የኋላዎቹ ሊሽከረከሩና ኋላው ወደ ጎን ሊያመልጥ ይችላል። መኪናው በዝቅተኛው ባለ አራት ጎማ ማርሽ ላይ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ተባዝቶ ይመጣል። ማርሹ በእጅ የሚቀየር ከሆነ መፍትሔው ግራ እግር ስር ነው፤ ፍሪሲዮኑ ከተረገጠ ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል እንጂ መኪናውን አይገፋም። አውቶማቲክ ላይ ያን ሥራ የሚሠራው እጅ ነው፤ ማርሹን ኤን ላይ ማድረግ።

ይህ ሁሉ ለረጅም ጊዜ የጋራዥ ወሬ ሆኖ ቆየ። የሕዝብ ጉዳይ የሆነው በኅዳር 1986 ነው። ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን "60 ደቂቃ" በተሰኘው ዝግጅቱ አውዲ 5000 የተባለችው መኪና ከቆመችበት በራሷ ተወርውራ ሰው እንደገደለችና እንዳቆሰለች የሚናገሩ ባለመኪኖችን አቀረበ። ሾፌሮቹ ፍሬን ረግጠን ነበር ብለው ማሉ። በዝግጅቱ የታየችው የነዳጅ ፔዳሏ በራሱ የሚወርድ መኪና ግን ካምቢዮዋ በስቶ በታመቀ አየር እንድትሠራ የተዘጋጀች እንደነበረች በኋላ ታወቀ። ጉዳቱ ግን ደርሶ ነበር። በ1985 አሜሪካ ውስጥ ከ74 ሺህ በላይ መኪና የሸጠው አውዲ በ1991 ወደ 12 ሺህ አሽቆለቆለ።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ጉዳዩን አስጠንቶ በ1989 ውጤቱን ይፋ አደረገ። የካናዳና የጃፓን መንግሥታት ያስጠኗቸውም ጥናቶች ወደዚያው ያመራሉ። በአብዛኞቹ አደጋዎች ሾፌሩ ፍሬን መስሎት የረገጠው ነዳጁን ኖሯል፤ አለዚያም ሁለቱን አብሮ ረግጧል። ጥናቱ ግን መኪናዋን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣትም። የአውዲ ፔዳሎች ጎን ለጎን ያላቸው ርቀትም የከፍታ ልዩነታቸውም ከብዙዎቹ የአሜሪካ መኪኖች ይለይ ነበር። የሞተሩን ሥራ ፈት ዙር የሚቆጣጠረው ክፍልም አንዳንዴ እየተበላሸ ሞተሩን በድንገት ከፍ ያደርገው ነበር። ሾፌሩን የሚያስደነግጠው ይህ ትንሽ ግፊት ሲሆን፣ ድንጋጤው እግሩን ያልተፈለገው ፔዳል ላይ ያደርሰዋል።

በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰውነት እንቅስቃሴ ተመራማሪ የነበሩት ሪቻርድ ሽሚት ለጥያቄው ሁለተኛ ክፍል መልስ ሰጡ፤ ሰው መሳሳቱን ለምን አያውቅም? አእምሮ ፍሬን እርገጥ ብሎ አዝዟል። ትዕዛዙ ትክክል ነው። የተዛነፈው አፈጻጸሙ ነው፤ ጡንቻ በየጊዜው ትንሽ ስለሚለያይ እግሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ አረፈ። ሾፌሩ ያዘዘውን እንጂ እግሩ የት እንዳረፈ አያይም። መኪናው ሲፈጥን ፍሬኑ አልያዘም ብሎ ይበልጥ ይረግጣል፣ ይበልጥም ይፈጥናል። እነዚያ ሾፌሮች ፍሬን ረግጠናል ሲሉ አልዋሹም ማለት ነው።

የመጣው መፍትሔ ቀላል ነበር። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ስለሆነ፣ እግር ፍሬን ላይ ካልሆነ በስተቀር የማርሹ እጀታ ከማቆሚያው እንዳይወጣ የሚያደርግ መቆለፊያ ተገጠመ። አውዲ ቀድሞ ገጠመው፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ አሜሪካ በ2008 ባወጣችው የሕፃናት ደህንነት ሕግ አስገዳጅ አደረገችው። የዛሬ አውቶማቲክ ፒክአፕ ነጂ ሞተር አስነስቶ ፍሬን ሳይረግጥ ማርሽ ላስገባ ሲል እንቢ የሚለው ይህ የአውዲ ዘመን ውርስ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል ቶዮታን መታ። በነሐሴ 2009 ሳን ዲያጎ አጠገብ በውሰት የተሰጠች የቶዮታ ሥሪት ሌክሰስ መኪና የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ተነጥፎባት ነበር፤ ወፍራሙ ጎማ የነዳጁን ፔዳል ወለሉ ላይ ያዘውና አራት ሰዎች ሞቱ። የኋላ ኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። ፒክአፖችም አልቀሩም፤ ታኮማ በምንጣፉ ምክንያት፣ ቱንድራ ደግሞ ሲረገጥ ቶሎ በማይመለስ የነዳጅ ፔዳል ምክንያት ከተጠሩት ውስጥ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ነዳጁ ከእግር ወደ ሞተር የሚደርሰው በሽቦ ገመድ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ ስለነበር ጥርጣሬው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ መሐንዲሶች ለአሥር ወራት ያህል ሲመረምሩ ቆይተው፣ በየካቲት 2011 ነዳጁን በራሱ እስከ መጨረሻ የሚከፍት የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት እንዳላገኙ ተገለጸ። የአደጋ መቅጃ ሣጥናቸው የተነበበላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ፍሬን ጨርሶ እንዳልተረገጠ ወይም ዘግይቶ እንደተረገጠ አሳዩ። ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2013 በኦክላሆማ የተሰበሰበ የዳኞች ጉባኤ የመኪናውን ሶፍትዌር ጉድለት የሚያስረዱ ባለሙያ ሰምቶ ቶዮታን ተጠያቂ አደረገ፤ በ2014ም ኩባንያው የምንጣፉንና የፔዳሉን ችግር በተመለከተ ሕዝቡን ስላሳሳተ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ውዝግብ የወጣው ነገር በእያንዳንዱ አዲስ ፒክአፕ ውስጥ አለ። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ ከተሰጠ ኮምፒውተሩ ፍሬንም እየተረገጠ መሆኑን ስለሚያውቅ ነዳጁን መቁረጥ ይችላል። የጀርመን ኩባንያዎች ቀደም ብለው ይህንን ያደርጉ ነበር፤ ቶዮታ ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ አሜሪካ ለሚሸጣቸው መኪኖቹ በሙሉ ገጠመው። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች በዘንግ ተያይዞ የነበረው ፍሬን ከተያዘ ሞተሩ ይላቀቅ የሚለው ሐሳብ በዚህ መልክ ተመለሰ።

ለፒክአፕ ግን ደረቅ ትእዛዝ አይሆንም። ዳገት ላይ ተሳቢ ጎትቶ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬን እንደያዘ ነዳጅ መስጠት አለበት። ኮምፒውተሩ ያኔ ሞተሩን ቢያፍነው ተሳቢው ይጎትተዋል። ቶዮታ ይህንን የፈታው ቅደም ተከተልን በማየት ነው። ነዳጁ ቀድሞ ተረግጦ፣ መኪናው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ግድም አልፎ፣ ከዚያ ፍሬኑ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ጠንከር ብሎ ሲያዝ የሞተሩ ጉልበት ይቀነሳል። ፍሬኑ ቀድሞ ከተያዘ ግን ሾፌሩ አውቆ ነው ተብሎ ይታለፋል። በሁለት እግር የሚነዳ ሰው አዲስ ፒክአፕ ሲገዛ ሞተሩ በየጊዜው እንደሚሰንፍበትና ዳሽቦርዱ ላይ ሁለቱ ፔዳሎች አብረው ተረግጠዋል የሚል ማስጠንቀቂያ እንደሚበራ የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። የሚወቅሰው ካምቢዮውን ወይም ነዳጁን ነው፤ ምክንያቱ ግራ እግሩ ነው።

ጃፓን ውስጥ ጉዳዩ ከዕድሜ ጋር ተቆራኝቷል። በሚያዝያ 2019 ቶኪዮ ውስጥ ኢኬቡኩሮ በተባለው ሰፈር የ87 ዓመት አዛውንት የሚነዷት ፕሪየስ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አንዲት እናትንና የሦስት ዓመት ልጇን ገደለች። አዛውንቱ መኪናው ነው የተበላሸው ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ፍሬን መስሏቸው ነዳጅ ረግጠዋል ብሎ በ2021 አምስት ዓመት ፈረደባቸው። የአገሪቱ የፈጠራ ሰዎች ለዚህ ችግር ከዚያ በፊትም ሲታገሉ ኖረዋል። የኩማሞቶው ማሱዩኪ ናሩሴ ሁለቱን ፔዳሎች ወደ አንድ ያጠቃለለ ፔዳል ሠርተው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለፈለገ ሲገጥሙ ቆይተዋል። እግር ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ነዳጅ ይሰጣል፤ ወደ ታች ሲረገጥ ሁልጊዜ ፍሬን ነው። የደነገጠ ሰው ወደ ታች ስለሚረግጥ ድንጋጤው ራሱ መኪናውን ያቆመዋል። ፋብሪካዎቹ ግን ይህንን መንገድ አልተከተሉም፤ የመረጡት ካሜራና ዳሳሽ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የተሽከርካሪ ደንብ ጉባኤ በኅዳር 2024 ቁጥር 175 የተባለውን ደንብ አጸደቀ። መኪናው ቆሞ ከፊቱ መሰናክል እያለ ነዳጁ በድንገት ሙሉ ከተረገጠ ስህተት መሆኑን አውቆ ግፊቱን እንዲያፍን ያዛል። ጃፓን ከመስከረም 2028 ጀምሮ በአዳዲስ አውቶማቲክ የመንገደኛ መኪኖች ላይ ግዴታ ታደርገዋለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሩቅ ነበር። የመስሪያ ቤቱም፣ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የነጋዴውም ፒክአፕ በአብዛኛው ባለ ሦስት ፔዳል ናፍጣ ስለሆነ፣ ያልታሰበ ግፊት ሲመጣ ሾፌሩ በደመ ነፍስ ፍሪሲዮን ይረግጣል። የአዲስ አበባ ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን መኪና ይዞ መቆም የሚችል ግራ እግር ብዙ ሥራ ያውቃል። አሁን ግን ከተማዋ ያንን እግር ሥራ እያስፈታችው ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዱ ላይ በዝተዋል፤ እነሱ ደግሞ ሁሉም ባለ ሁለት ፔዳል ናቸው። ሞተራቸው ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ነዳጅ ተረገጠ ብሎ የሚያስጠነቅቅ ጩኸት አይሰማም። ጉልበታቸው ደግሞ ዙር ሳይጠብቅ ወዲያው ይመጣል።

ሃይሉክስ ላይ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ሲገባ የሚገጥመው ከ1940ዎቹ የኦልድስሞቢል ገዢ ጋር አንድ ነው። መብራት ላይ ሲደርስ ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይነሳና ሰፊውን ፍሬን ይደቁሳል፤ ቀኙ ገና ከመግፊያው ላይ አልተነሳም። ኮምፒውተሩ ግፊቱን ይቆርጣል፣ መኪናው ባለበት ቀጥ ይላል፣ ሾፌሩም በቀበቶው ይያዛል። ከኋላ ተጠግቶ ሲመጣ የነበረው ሚኒባስ ግን ያ ኮምፒውተር የለውም፤ ስለዚህ አውቶማቲክና ኤሌክትሪክ የሚያለማምዱ አስተማሪዎች ለአዲሱ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግራ እግሩን ወደ መቀመጫው ስቦ እንዲያስቀምጥ ያዙታል።